12 ሲቀነስ 7፦ መምህራን አብረው ሲሠሩ ተማሪው ምን ያተርፋል?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚነሣው ከአንድ የአንደኛ ክፍል የሂሳብ ጥያቄ ነው። 12 ሲቀነስ 7 ስንት ይሆናል?

መልሱ የሚጠፋው አዋቂ የለም። ጃፓን ውስጥ ግን የአንደኛ ደረጃ መምህራን እንዲህ ባለች ጥያቄ ዙሪያ ተሰብስበው ረጅም ክርክር ይገጥማሉ። የሚከራከሩት በመልሱ አይደለም። ቅነሳን ገና ለሚጀምሩ ሕፃናት የመጀመሪያው ጥያቄ 12 ሲቀነስ 7 ይሁን፣ 13 ሲቀነስ 9 ይሁን፣ ወይስ 12 ሲቀነስ 3 በሚለው ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ልጁ በሚያስብበት መንገድ ላይ ነው። 13 ሲቀነስ 9 የተባለ ልጅ 13ን ወደ 10 እና 3 ይከፍላል፤ ከ10 ላይ 9 ያነሣል፤ የቀረችውን 1 ከ3 ጋር ደምሮ 4 ይላል። 12 ሲቀነስ 3 የተባለው ደግሞ መጀመሪያ 2 አንሥቶ 10 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ የቀረችውን 1 ያነሣና 9 ይላል። 12 ሲቀነስ 7 ሲሆን ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። አንዱ ልጅ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይሄዳል፤ መምህሯም ሁለቱን አሠራር ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፋ ክፍሉን ታወያያለች። ደግሞም 7 ከፍ ያለ ቁጥር ስለሆነ በጣት ወደ ኋላ እየቆጠሩ መሄዱ ያደክማል፤ ልጆቹ ሌላ ዘዴ ለመፈለግ ይገደዳሉ።

ይህ ሁሉ ሐሳብ የወጣው ለአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለአንዲት መክፈቻ ጥያቄ ነው። አንድ መምህር ማታ ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ዕቅድ ሲያወጣ ይህን ያህል ሊያስብ መቻሉ ያጠራጥራል። አምስት ወይም ስድስት መምህራን፣ እያንዳንዱ ባለፉት ዓመታት ያስተማራቸውን ልጆች እያስታወሰ ሲነጋገሩ ግን ሐሳቡ ይመጣል።

ጃፓኖች አሠራሩን ጁግዮ ኬንክዩ ይሉታል፤ የክፍለ ጊዜ ጥናት እንደ ማለት ነው። ሥሩ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደነበረው የሜይጂ ዘመን የትምህርት ለውጥ ይመዘዛል። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ተማሪዎቻቸው የሚቸገሩበትን አንድ ርዕስ ይመርጣሉ፤ መጻሕፍቱን አገላብጠው የዕለቱን ትምህርት ዕቅድ በጋራ ያወጣሉ። ዕቅዱ ላይ መምህሩ የሚናገረው ብቻ አይሰፍርም። ተማሪው ምን ብሎ ሊመልስ እንደሚችል፣ የት ላይ ሊሳሳት እንደሚችል፣ ሲሳሳት ደግሞ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ጭምር ይጻፋል። ቀኑ ሲደርስ አንዷ ታስተምራለች፤ ሌሎቹ ማስታወሻ ይዘው በክፍሉ ዳርና ዳር ይቆማሉ። ዓይናቸው የሚያርፈው በመምህሯ ላይ ሳይሆን በልጆቹ ደብተር ላይ ነው። የጻፈውን የሰረዘው የትኛው ልጅ ነው? ከጎኑ ካለው የገለበጠውስ ማን ነው? ያቺ ዝም ብላ የተቀመጠችው ልጅ ገብቷት ነው ወይስ ግራ ገብቷት? ከደወል በኋላ ሁሉም ተቀምጠው ይወያያሉ፤ ቀድማ የምትናገረውም ያስተማረችው መምህርት ናት። ዕቅዱ ይታረምና አንዳንድ ጊዜ በሌላ ክፍል፣ በሌላ መምህር እጅ እንደገና ይሞከራል።

ጀምስ ስቲግለር እና ጀምስ ሂበርት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በጀርመን፣ በጃፓንና በአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ሂሳብ ሲሰጥ የተቀረጹ ቪዲዮዎችን መነሻ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የጃፓን ልማድ ለሌላው ዓለም በሰፊው አስተዋወቁ።

አብዛኛው ዓለም የሚያስተምረው እንዲህ አይደለም። ዳን ሎርቲ የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ትምህርት ቤትን ከእንቁላል መያዣ ካርቶን ጋር አመሳስሎት ነበር፤ እያንዳንዱ መምህር በየጎድጓዳው፣ ከሌላው ሳይነካካ ተቀምጧል። የእኛም መምህር ኑሮ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጠመኔውንና መጽሐፉን ይዞ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል ሰዓቱን ብቻውን ይወጣዋል። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ዓይነት ትምህርት ለአንድ ክፍል ደረጃ የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን፣ አንዱ የጧት ሌላው የከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በር ላይ ሰላም ከመባባል በቀር ስለ ሥራቸው ሳይነጋገሩ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። 10 ዓመት ያስተማረ ሰው ልጆች በክፍልፋይ ላይ የት ላይ እንደሚደናቀፉ ያውቃል። ያን እውቀት ግን የትም አላሰፈረውም፤ ለማንም አላካፈለውም። ጡረታ ሲወጣ ወይም ሌላ ሥራ ሲያገኝ ይዞት ይሄዳል፤ የሚተካው ወጣትም ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ለአንድ ድሃ አገር ትልቅ ኪሳራ ነው።

ለመሆኑ የመምህራን መተባበር በተማሪው ውጤት ላይ በእርግጥ ይታያል? ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው፣ መምህራኑ የሚግባቡበት ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ በሌላውም ነገር የተሻለ መሆኑ ነው። ጥሩ ርዕሰ መምህር ይኖረዋል፤ የሚከታተሉ ወላጆች ይኖሩታል። ስለዚህ ውጤቱ ከመተባበሩ ይምጣ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ በሚገኙ 47 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የ4ኛ ክፍል ተማሪዎችን ተመልክቶ፣ መምህራኑ ይበልጥ በሚተባበሩባቸው ትምህርት ቤቶች የሂሳብና የንባብ ውጤት ከፍ ማለቱን አሳይቷል፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱ መተባበሩ ስለመሆኑ እንዲህ ያለው ጥናት ብቻውን አያረጋግጥም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች ጠለቅ ብለው ሄደዋል። ኪራቦ ጃክሰን እና ኢላያስ ብሩግማን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን የብዙ ዓመታት ውጤት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። የጠየቁት ጥያቄ ብልህነት የተሞላበት ነው። አንዲት መምህርት እዚያው ትምህርት ቤቷ፣ እዚያው ክፍል ደረጃዋ ላይ ሳለች፣ በአጠገቧ የሚያስተምሩት ባልደረቦቿ በተሻሉ መምህራን ቢተኩ የእርሷ ተማሪዎች ውጤት ይለወጣል ወይ? አዎ፣ ከፍ ይላል። ከፍታው ጎልቶ የታየው ለሥራው አዲስ በሆኑ መምህራን ላይ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ባለፉት ዓመታት አብረዋት የሠሩት ጥሩ መምህራን አሻራ ዛሬም በተማሪዎቿ ውጤት ላይ መገኘቱ ነው። አሻራው መቆየቱ መምህሯ ከእነርሱ አንድ ነገር ተምራ በእጇ እንዳስቀረችው ይጠቁማል።

በዚያው በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት የተደረገው ሙከራ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረምና። በ14 ትምህርት ቤቶች ጥናቱ ተካሄደ፤ ከፊሎቹ በዕጣ ሙከራው ውስጥ ገቡ፣ ከፊሎቹ እንደ ወትሮው ቀጠሉ። በሙከራው ውስጥ የገቡት ትምህርት ቤቶች መምህራኖቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሩ። ማጣመሩ በዘፈቀደ ወይም በወዳጅነት አልነበረም። አንዷ ጥያቄ አጠያየቅ ላይ ደካማ ከሆነች፣ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ በጥያቄ አጠያየቅ የበረታ መምህር ይፈለግላታል። እርስ በርስ ክፍል እየገቡ ይተያያሉ፤ ዓመቱን ሙሉ በዚያች በተወሰነች ጉዳይ ላይ ይነጋገራሉ። በዓመቱ መጨረሻ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው መምህራን ተማሪዎች ያገኙት መሻሻል፣ ተማሪን ከደካማ መምህር ወስዶ ለመካከለኛ መምህር የመስጠት ያህል ነበር። ከሌላ አገር የመጣ አሠልጣኝም ሆነ በሆቴል የተዘጋጀ ዐውደ ጥናት አላስፈለገም፤ እውቀቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር።

በእንግሊዝ አገር በ82 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ሌላ ሙከራ አለ። መምህራኑ አንዱ የሌላውን ክፍል እየገቡ እንዲመለከቱ ተደረገ። ምልከታው ለዕድገትም፣ ለደመወዝም፣ ለቅጣትም አይያዝም ነበር። የሂሳብና የእንግሊዝኛ ውጤት ተሻሻለ። ከሁሉም ትኩረት የሚስበው ግን ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ነው፦ የታየው መምህር ብቻ ሳይሆን ያየውም መምህር ተማሪዎች ውጤት ከፍ አለ፤ እንዲያውም የተመልካቹ ሳይበልጥ አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አብዛኛው መምህር ሌላ መምህር ሲያስተምር የሚያየው ራሱ ተማሪ በነበረበት ጊዜና በልምምድ ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታ ድረስ የሰውን ሥራ ሳያይ ይሠራል። ሐኪም፣ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊ እንዲህ አይሠሩም።

አሁን ደግሞ የማይመቸውን እውነት መናገር ይገባል። የጃፓኑ የክፍለ ጊዜ ጥናት በዚያው በእንግሊዝ አገር በ181 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ይፋ ሲሆን፣ በተማሪዎቹ የሂሳብና የንባብ ውጤት ላይ መሻሻል አልተገኘበትም። በአሜሪካ ግን በዚያው ዓመት የወጣ የካትሪን ሉዊስ እና የረቤካ ፔሪ ጥናት ከዚህ የተለየ ነገር አሳየ። 39 የመምህራን ቡድኖች ነበሩ። የክፍለ ጊዜ ጥናቱን ስለ ክፍልፋይ በጥንቃቄ ከተዘጋጀ መርጃ ጋር የተቀበሉት ቡድኖች የራሳቸውም የተማሪዎቻቸውም የክፍልፋይ እውቀት አደገ።

ሁለቱን ጥናቶች አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው የሚታየው፣ መምህራንን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ብቻውን ተማሪን እንደማያሳድግ ነው። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? ከ9,000 በላይ መምህራንን ያካተተ በማያሚ ከተማና አካባቢዋ የተደረገ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል፤ ከውጤት መሻሻል ጋር በተለይ ተያይዞ የተገኘው መምህራን ስለ ተማሪዎቻቸው ፈተናና ምዘና በጋራ የሚያደርጉት ሥራ ነው።

በእኛ አገር ጠረጴዛው አለ። መዋቅሩም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ መምህራን በአጭሩ ተሙማ የሚሉት፣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት በዚህ ሥራ ላይ እንዲያውል ይደነግጋል። አዲስ ተቀጣሪ መምህር ለ2 ዓመት በአማካሪ መምህር እየታገዘ የሙያ ትውውቅ ሥልጠና እንዲወስድ ይጠይቃል። በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተያይዘዋል፤ ሱፐርቫይዘር ተመድቦላቸዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ አገር የሚመኘው ነው።

ተሙማ በብዙ ቦታ ምን ሆኖ እንደቀረ መምህራን ያውቁታል። በመስከረም ዕቅድ ይሞላል፤ በሰኔ ሪፖርት ይጻፋል፤ በመካከሉ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የክፍል ምልከታ ሲባል ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ቅጽ ይዞ ከኋላ ይቀመጣል፤ ነጥቡ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ይገባል። መምህሩም ያን ቀን የሚያቀርበው የማይሳሳትበትን ርዕስ ነው፤ የሚጠይቀውም የሚመልሱለትን ልጆች ነው። በምልከታው ማንም አንዳች ነገር አይማርም። ደረጃ ዕድገቱ፣ ደመወዙ በዚያች ቅጽ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ድክመቱን ለባልደረባው እንዲያሳይ መጠበቅ ደግሞ ተገቢ አይደለም። አንዲ ሃርግሪቭስ የተባለው የትምህርት ምሁር ከላይ በትእዛዝ የሚወርድና ለይስሙላ የሚደረግ የመምህራን ትብብር ከእውነተኛው መለየት እንዳለበት ከ30 ዓመታት በፊት ጀምሮ ሲጽፍ ቆይቷል።

ድጋፍ የሚያስፈልገው ተማሪ ደግሞ ብዙ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። የሰሜኑ ጦርነት፣ የኮሮና ወረርሽኝ፣ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የክፍል መጨናነቁ፣ ባዶ ሆድ ትምህርት ቤት መዋሉ ሁሉም በዚህ ቁጥር ውስጥ አሉ። ሁሉንም በመምህሩ ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ እስኪታተም፣ ክፍል እስኪሠራ ባለው ጊዜ፣ ትምህርት ቤቶች ከራሳቸው ጓዳ ሊያወጡት የሚችሉት ትልቁ ሀብት የመምህራኖቻቸው ያልተካፈለ እውቀት ነው፤ ይህ ዝግጅትም አጥብቆ የሚሟገትለት ነገር ይኸው ነው።

ይህን እውቀት የመካፈሉ ሥራ በተግባር ምን ይመስላል? አንድ የ5ኛ ክፍል ፈተና ተሰጥቷል እንበል። ሦስት የሂሳብ መምህራን ወረቀቶቹን ለየብቻ አርመው ውጤት ከመመዝገብ ይልቅ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይምረጡ፦ 1/2 ሲደመር 1/3። ወረቀቶቹን በመልሳቸው ዓይነት ይከምሯቸው። አንደኛው ክምር 5/6 ያሉት ነው። ሁለተኛውና ምናልባትም ትልቁ 2/5 ያሉት ነው፤ ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታሕቱን ከታሕቱ ደምረውታል። ሦስተኛው 2/6 ያሉት ነው፤ የጋራ ታሕት እንደሚያስፈልግ ሰምተዋል፣ ላዕሉን ግን ሳይለውጡ እንዳለ ደምረውታል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ክምር ልጆች ሁሉ ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸው ግን አንድ አይደለም። 2/5 ያለው ልጅ ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር አላየውም፤ ለእርሱ ሁለት ተለያይተው የተቀመጡ ቁጥሮች ናቸው። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ፣ ግማሽ ላይ ተጨምሮበት ግማሽ የማይሞላ ነገር ሊኖር እንደማይችል አንድ እንጀራ ቆርሶ ያሳየው የለም። 2/6 ያለው ልጅ ግን ግማሹን መንገድ መጥቷል፤ የሚያስፈልገው 1/2 እና 3/6 አንድ መሆናቸውን ማየት ብቻ ነው። እያንዳንዱ መምህር ብቻውን ቢያርም ኖሮ ሁለቱም ልጆች ያው ቀይ ኤክስ ይደረግባቸው ነበር። አብረው ሲቀመጡ ግን፣ “የአንቺ ልጆች ለምን 2/5 አላሉም?” የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ የተጠየቀችው መምህርት ከመደመር በፊት ወረቀት እያጠፈች ማሳየቷን ትናገራለች፤ የሚቀጥለው ሳምንት ክፍለ ጊዜም በዚያ ይታቀዳል። ይህ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

ከአፍሪካም የሚጠቀስ አለ። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 የክፍለ ጊዜ ጥናትን በማዕከላዊ ግዛቷ በሳይንስ መምህራን ጀመረች፤ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎቹ ግዛቶች አስፋፋችው። ዛምቢያን የረዳው የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ ጃይካ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያም የሂሳብና የሳይንስ መምህራንን ለማጠናከር ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሠርቷል። ስለዚህ ነገሩ ለአገራችን መምህራን እንግዳ አይደለም። የዛምቢያ መንገድ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ትዕግሥት ነው፤ በአንድ ግዛት፣ በአንድ የትምህርት ዓይነት ተጀምሮ ዓመታት ተሰጥቶታል።

በእኛ አገር ይህን የጋራ ሥራ የሚያደናቅፈው የጊዜ እጥረት ነው። መምህሩ ቤተሰብ አለው፤ ኑሮው ስለማይሞላ ከሥራ በኋላ ማስጠናት አለበት። ቅዳሜ ጧት ያለ አበል ና ቢባል ልቡ አይመጣም፤ አይፈረድበትምም። ስለዚህ የጋራው ሰዓት ከሥራ ሰዓቱ ላይ መገኘት አለበት። በቻይናዋ ሻንጋይ ከተማ መምህሩ በሳምንት የሚያስተምርባቸው ክፍለ ጊዜዎች ዝቅ ያሉ የሆኑት፣ የቀረው ጊዜ በትምህርት ዓይነቱ የጥናት ቡድን ከባልደረቦቹ ጋር ለሚሠራው ሥራ እንዲውል ነው። እኛ ያን ያህል ማድረግ ባንችልም አንድ ክፍለ ጊዜ ማግኘት አያቅተንም።

እናም የክፍለ ጊዜ ድልድል የምታወጡ ምክትል ርዕሳነ መምህራን፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ድልድል ላይ የአንድ ትምህርት ዓይነት መምህራን በሳምንት አንድ ጊዜ በጋራ ክፍት የሚሆኑበትን ሰዓት አስገቡላቸው፤ በፈረቃ የምትሠሩም የጧቱ ወጥቶ የከሰዓቱ ሳይገባ ያለችውን ሰዓት ተጠቀሙባት። ሱፐርቫይዘሮች፣ መምህር መምህርን የሚያይበት ምልከታ ነጥብ እንዳይሰጥበት፣ ከምዘናው ቅጽ ውጭ እንዲሆን ከለላ ሁኑ። ወላጆች፣ የልጃችሁ መምህር ከባልደረባው ክፍል ተቀምጦ ብታዩት ሥራ ፈቶ እንዳይመስላችሁ። እናንተ መምህራን ደግሞ መመሪያ እስኪወርድ አትጠብቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከምታስተምሩት አንድ ከባድ ርዕስ መርጣችሁ አጠገባችሁ ያለውን መምህር “ይህን እንዴት ታስተምረዋለህ? ልጆችህስ የት ላይ ይሳሳታሉ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም አንድ ቀን ክፍላችሁ ገብቶ እንዲያይ ጋብዙት።